የማሽን ወሬ

እትዬ ምስጢር መያዝ አይሆንላትም ነበር። ሆዷ ስለማይችል አይደለም፤ ድምፅዋ እምቢ ስለሚላት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ስትሠራ ማሽኖቹ ጆሮዋን በሉት፣ ጆሮዋ ሲሄድ ደግሞ ድምፅዋን የሚቆጣጠርላት ጠፋ። «ውሃ አቀብዪኝ» ስትል በግቢው ዙሪያ ያሉት ቤቶች በሙሉ ውሃ ይጠማቸዋል። ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ሆዷ ደርቆባት ለነርሷ በሹክሹክታ፣ ማለትም በእሷ ሹክሹክታ፣ ብትነግራት፣ ውጭ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት ሴቶች በየተራ መድኃኒት ይዘው መጡላት። እሷም «ማን ነገራችሁ? እናንተ ሰዎች ግድግዳ ላይ ጆሮ ተክላችኋል እንዴ?» ብላ ጮኸችባቸው። ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

ይቺ እትዬ ታናሽ እህት አለቻት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግቢውም ፋብሪካውም ግን «ትንሿ» ነው የሚላት። ፀጉሯ ጣል ጣል እያለ መሸበት ጀምሯል፣ አሁንም ትንሿ ናት። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና ጥርስ አላበቀለችም፣ እትዬም ራሷ ቀሚሷን በቅጡ የማትሰበስብ ልጅ ነበረች። ዳቦ በአፏ እያላመጠች ያጎረሰቻት፣ በጀርባዋ አዝላ የፋብሪካውን ወለል የጠረገችው፣ ለጋብቻ የጠየቃትን ሁሉ «መጀመሪያ ይቺ ትደግልኝ» እያለች የመለሰችው እትዬ ናት። እንዲህ ያለው ውለታ ደግሞ አይከፈልም፤ ሰው ተሸክሞት ይኖራል እንጂ።

እትዬ ያገባችው ዘግይታ ነው፣ ጠያቂው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ። ያገባችው የሽመና ክፍሉን መካኒክ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፣ ከጥፍሩ ሥር ግሪስ አይለቅም። «ማሽኔን ጠግኖ ጠግኖ ሲሰለቸው እኔን ወሰደኝ» ትላለች እትዬ፣ እሱም ይሽኮረመማል። ልጅ አልወለዱም። ልጃቸው ትንሿ ነበረች ማለት ይቻላል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መሀሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፤ በመስኮቱ በኩል የባልና ሚስት አልጋ፣ በማዶ የትንሿ ፍራሽና የማብሰያው ጥግ። መጋረጃው ከፋብሪካው የተረፈ ጨርቅ ነው፣ ሽመናው የተሳሳተ፣ አንድ መሥመር ላይ ድሩ የሳተ።

ትንሿ ለአቅመ ሥራ ስትደርስ እትዬ እጇን ይዛ ሽመና ክፍል አስገባቻት። መጀመሪያ ያስተማረቻት ክር መቀጠል አይደለም፣ ማውራት ነው። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው ጆሮህ ላይ አፉን ገጥሞ ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ እዚያ የሚሠሩት ድምፅ የሚባለውን ነገር ትተውታል። አፋቸውን ከፈት ያደርጉና ቃሉን በከንፈራቸው ብቻ ይቀርጹታል፤ ከአራት ማሽን ወዲያ ያለችው ጓደኛቸው አንብባ ትስቃለች፣ ወይም ትሳደባለች። ይህንን «የማሽን ወሬ» ይሉታል። ብዙ የቆየበት ሰው ደግሞ ሲያወራው እንኳን ለራሱ አይታወቀውም። ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ፣ የትም ቦታ ጫጫታ ሲበረታ ድምፁ በራሱ ይጠፋና ከንፈሩ ብቻ ይቀጥላል። መንገደኛው «እነዚህ ደግሞ ምን ነካቸው» ብሎ ያያቸዋል።

በማሽን ወሬ እትዬን የሚያህል አልነበረም። ፊቱን ያዞረን ሰው በጉንጩ አነቃነቅ ብቻ ታነበዋለች። ጆሮዋ ጨርሶ ሲሄድ ሐኪሙ አዘነላት፣ እሷ ግን «አንተ ለራስህ እዘን፣ አንተ በጆሮህ ብቻ ነው የምትሰማው» አለችው። ፊደል አልቆጠረችም፣ የሰው ከንፈር ግን እንደ ልቧ ታነባለች። ዐይኗ ክፍት እስከሆነ ድረስ የሚያመልጣት ወሬ የለም።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ፋብሪካው ጆሮዋ አልበቃው ብሎ በጥጡ ብናኝ ሳንባዋን ያዘው። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። ከዚያ ደረጃ መውጣት ተሳናት፣ ከዚያ ከአልጋ እስከ በር መሄድ ተሳናት፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ተጋድማ ግቢውን የምታይ ሰው ሆነች። ትንፋሿ ከውጭ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ይወዳት ስለነበር ቤቱ ጠያቂ አይነጥፍበትም፣ ከሁሉም የማትጠፋው ግን የማዶዋ ጎረቤት «ሬዲዮ» ናት። ሬዲዮ የተባለችው በምክንያት ነው። ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆዷ ወሬ አድሮበት አያውቅም። ክፋት ግን የለባትም፣ ይህ ይታወቅላት።

አስታማሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ ባልየውና ትንሿ። ሁለቱም አንድ ፈረቃ ይሠራሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ አብረው ያነሷታል፣ አብረው ያገላብጧታል። ለብዙ ጊዜ ከዚህ የዘለለ ነገር አልነበረም፤ የደከመ ሰው ምን ትርፍ ነገር ያስባል? አንድ የእረፍት ቀን ግን ወፍራሙን ብርድ ልብስ አጠቡ። እትዬ ሳል ሲያጣድፋት አስታውካበት ነበር። ብርድ ልብሱ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይቻልም። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ አንዱን እሷ፣ ግቢው መሀል ቆመው ይጨምቁት ጀመር፣ እሱ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ እሷ ወደ ግራ። የተጠመዘዘ ነገር ያጥራል። ባጠረ ቁጥር አንድ አንድ እርምጃ ይቀራረባሉ። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ሊነካኩ ሲሉ ሁለቱም ቆሙ፣ ውሃው በመሀላቸው ይንጠባጠባል። ትንሿ ቀና ስትል ሲያያት አገኘችው። 

«ጋሼ፣ ይበቃል» ልትለው ፈልጋ «ጋሼ» የሚለው ቃል አፏ ላይ አልመጣ አለ። እህቷን ካገባ ጀምሮ ስትጠራው የኖረችበት ስም ነው። «ይበቃል» ብቻ አለችው። እሱም ገባው። ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ጥሎ ያለ ምክንያት ከግቢው ወጣ፣ እሷም ሳፋውን ይዛ ቆማ ቀረች። መስኮቱ ውስጥ እትዬ እያየቻቸው ነበር፤ እጇን አውጥታ «ጎበዝ! እንደሱ ነው የሚጨመቅ!» አለች፣ በዚያ ግቢ በሚያናውጥ ድምፅዋ። ትንሿ በዚያች ቅጽበት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ትንሽ ነው፣ ትንሽነቱ ነው የሚያንገበግበው። ፋብሪካ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አይነጋገሩም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ያነባል። ቤትም አይነጋገሩም፤ እትዬ ታነባለች፣ ጎረቤት ይሰማል። የቀረቻቸው ከፋብሪካው በር እስከ ግቢው በር ያለችው መንገድ ናት። በዚያች መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በመሀላቸው ሌላ ሰው ሊያልፍ የሚችል ቦታ ትተው። እጇን አልነካም። እሷም አልነካችውም።

«ትቼ ብሄድስ?» አላት አንድ ቀን። «ሌላ ከተማ ፋብሪካ አይጠፋም።»

«እሷን ማን ያነሳታል? እኔ ብቻዬን አልችላትም።»

«አንቺ ብትሄጂስ?»

«እኔን ካላየች አትበላም።»

እውነቷን ነው፤ እትዬ ከትንሿ እጅ ካልሆነ ምግብ አይወርድላትም። ጥቂት ሄዱ። የጎማ ጠጋኙን ሱቅ ካለፉ በኋላ እሱ «እንጠብቃ» አለ። ትንሿ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው መልሱን መስማት ሊኖርባት ነው። ያን ቀን ቤት ስትገባ የእትዬን እግር በሙቅ ውሃ አጠበችላት፣ ቅባት ቀባችላት፣ እትዬም «ምን አጥፍተሽ ነው ዛሬ እንዲህ የምታሞላቅቂኝ?» ብላ ሳቀችባት። ግቢውም ሰማ።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። እትዬ ከዕለት ወደ ዕለት ስታልቅ ሁሉም አየ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ሰው ሲሰናበታት «ደግሞ እንገናኝ» ማለት ትቶ ዝም ብሎ ይስማት ጀመር። ትንሿ መጋረጃው ማዶ ተኝታ ትንፋሿን ታዳምጣለች። የሚቀጥለው ሲዘገይባት ትፈራለች። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ስም ልትሰጠው የማትደፍረው፤ ያ ነገር ቀና ሲልባት ተነስታ መጋረጃውን ትገልጥና የእትዬን ደረት ታሻለች። እትዬ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ትይዛታለች።

በዚያ መሀል የፋብሪካው ክሊኒክ ሐኪም መድኃኒቱን ለወጠላት። ማንም ተስፋ አልጣለበትም። ይሁንና እትዬ አንድ ቀን ራሷን ችላ ተቀመጠች። ሌላ ቀን ዳቦ ጨምሩልኝ አለች። ሳሏ እየሳሳ ሄደ፣ ከንፈሯም ቀይ ሆነ። ነርሷ ልትመረምራት የመጣች ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፈረቃ የጨረሰውም ሥራ ያልነበረውም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን ሞላው። ነርሷ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ እያዟዟረች ብዙ ቆየች።  ከዚያ ነርሷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና ሳቀች።

«ሳንባዋ እየተከፈተ ነው። መድኃኒቱን ካላቋረጠች ይቺ ሴትዮ ሁላችንንም ትቀብራለች!»

ቤቱ ተናጋ። ሬዲዮ እልል አለች፣ የቀሩት ተቀበሏት፤ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ የሻይ ብርጭቆው ይንጫጫል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃል። ትንሿ የሻዩን ሰሃን ይዛ ከበሩ አጠገብ ነበረች። መካኒኩ ከአልጋው ራስጌ፣ ከእትዬ ኋላ። በዚያ ሁሉ ሰው ራስ ላይ ዐይናቸው ተገናኘ። ጫጫታው ደግሞ ልክ የሽመና ክፍል ጫጫታ ነበር። እንግዲህ ልማድ የሚሉት ይህ ነው፤ ሁለቱም ሳያውቁት የማሽን ወሬ ጀመሩ።

«አሁንስ?» አለ የእሱ ከንፈር። «ምን ይሻለናል?»

«እኔ እንጃ» አለች ትንሿ፣ ድምፅ ሳታወጣ። እንባዋ ወርዷል፤ የደስታ ይሁን የሌላ ለራሷም አልለየላትም። «ትሞታለች ብዬ ነበር እኮ።»

ይህን ያለችው አፏን ከፈት አድርጋ፣ ቃሉን በደንብ ቀርጻ ነው፣ እትዬ በልጅነቷ እንዳስተማረቻት። እትዬ ደግሞ የደስታዋን ልትስማት ፈልጋ፣ ሕዝቡን በዐይኗ ሰንጥቃ፣ ወደ እሷ ወደ ትንሿ እያየች ነበር፤ የትንሿ ዐይን ግን እሷን አልፎ ራስጌዋ ወደቆመው ባሏ ነው።

ትንሿ ያወቀችው የእትዬ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ሲደርቅ ስታይ ነው። ጎረቤቱ ምንም አላየም። መካኒኩም ነርሷን ሊሸኝ ወጣ። ሬዲዮ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንስታ «ሻይ አይደለም ወይን ነበር ለዚህ» እያለች ታስቃለች።  የእትዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ያቺ ሹክ ማለት የማትችል ሴት ድምፅዋን ጠቅልላ ዋጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እትዬ፣ በሞቴ...»

«ሞት አትጥሪብኝ። ከመቼ ጀምሮ?»

«ምንም አልሆነም። እጄን እንኳን አልነካኝም፣ አንቺን ይንሳኝ።»

እትዬ አየቻት። በመሀላቸው የሰው ጀርባ፣ የሰው ሳቅ፣ የሻይ እንፋሎት አለ።

«ቢነካሽ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሥጋ ሰውን እንደሚያሳስት አውቃለሁ፣ እኔም ሰው ነበርኩ። እናንተ ግን ቁጭ ብላችሁ ጠበቃችሁኝ። እያጠባችሁ፣ እያጎረሳችሁ ጠበቃችሁኝ።»

«ትንሿ! ስኳሩን አቀብዪን እንጂ፣ ምን ፈዘዝሽ!» አለች ሬዲዮ። ትንሿ ስኳሩን አቀበለቻት። ስትመለስ እትዬ አልጨረሰችም ነበር።

«ያላመጥኩልሽን ዳቦ ሁሉ ልትመልሽልኝ ትችያለሽ?»

ትንሿ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። እትዬ ዐይኗን ጨፈነች።

አያችሁት ነገሩን? ለእትዬ ዐይን መጨፈን ለሌላው ሰው በር መቆለፍ ማለት ነው። ቢጮሁባት አትሰማ፣ ወረቀት ቢጽፉላት አታነብ። ትንሿ እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው እያለ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀረች፤ «እትዬ፣ እትዬ፣ እይኝ» ትላለች፣ የሚያያት ግን የለም። ሬዲዮ «ደክሟታል፣ ትተኛ፣ ውጡ እንውጣ» ብላ ሰውን አስወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ለጎረቤት ዐይኗን ትከፍታለች፣ ለነርሷ ትከፍታለች፣ ትንሿ ወይም መካኒኩ ሲቀርቧት ግን ትጨፍናለች። መድኃኒቱንም እምቢ አለች። ከትንሿ እጅ ስትሆን ጥርሷን ትነክሳለች፤ ሬዲዮ ስትሰጣት ተቀብላ ታስቀምጠዋለች። ነርሷ መጥታ ተቆጣቻት።

«መድኃኒት ለሚድን ሰው ነው! አታባክኑት!» አለች እትዬ። «እኔ ሞቴ የሚጠበቅ ሰው ነኝ!»

ግቢው ይህን ሰምቶ ሳቀ። የእትዬ ቀልድ መስሏቸዋል። መሬት ላይ ተንበርክካ ወለል ታጥብ የነበረችው ትንሿ ብቻ ጨርቁን እንደያዘች ራሷን ደፋች።

መካኒኩ የሆነውን ከትንሿ አፍ የሰማው በማግስቱ፣ በዚያችው መንገዳቸው ላይ ነው። «አነበበች?» አለና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ያልፋል፣ ጋሪ ያልፋል፣ እሱ ግሪስ የነካው እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ይነቀነቃል። ትንሿ አጠገቡ ቆመች፤ ትከሻውን ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ያን ዕለት ቤት ገብቶ ከአልጋው ሥር ተንበረከከ፣ የሚስቱን እጅ ይዞ። እትዬ እጇን አልነጠቀችውም። እንደ ዕቃ ተወችለት። ከዚህ በኋላ ፈረቃው እንዲቀየርለት አለቃውን ለምኖ ተቀየረ፤ እሱ ሲገባ ትንሿ ትወጣለች፣ እሱ ሲወጣ ትገባለች። ያቺም መንገድ ቀረች። ፍቅር ነበር ተብሎ እንዲወራለት እንኳን ይህ ነው የሚባል የሚያስታውሱት ነገር የላቸውም፤ ያላቸው የተጨመቀ ብርድ ልብስና የጎማ ጠጋኝ ሱቅ ብቻ ነው።

እትዬ በፍጥነት ወረደች። የተከፈተው ሳንባ መልሶ ተዘጋ። ትንሿ ያልሞከረችው የለም። ጎህ ሲቀድ ዐይኗን ስትገልጥ ላግኛት ብላ ፊቷ ላይ ተደፍታ ትጠብቃለች፤ እትዬ ስትነቃ የእህቷን ፊት ታይና ወዲያው ትጨፍናለች። እግሯን ልትስም ትጎነበሳለች፤ እትዬ እግሯን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትሰበስባለች። «አንዴ እይኝ፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ እርገሚኝ» ትላለች ትንሿ፣ ለማን እንደምትል እንጃ። እህቷ ብትሞትስ? ይቅር ሳትላት ብትሞትስ?  ይህን ስታስብ መካኒኩ ትዝ አይላትም። ወንድ፣ ትዳር፣ ኑሮ፣ ሁሉም ገደል ይግባ፤ የምትፈልገው እትዬ ዐይኗን ገልጣ «ነይ አንቺ የማትረቢ» እንድትላት ብቻ ነበር።

አንድ የእረፍት ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ ሴቶቹ ሁሉ ግቢው መሀል ልብስ ያጥባሉ። መካኒኩ ፈረቃ ላይ ነው። ትንሿ ከእትዬ ጋር ብቻዋን ነበረች። የእትዬ ትንፋሽ አሁን በጣም አጭር ሆኗል፣ ከጉሮሮዋ አይወርድም። ትንሿ ጎኗ ተቀምጣ ስታይ ስታይ፣ ያ ሁሉ የታመቀ ነገር አንድ ላይ ገነፈለባት። ብድግ ብላ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

«እትዬ! ስሚኝ! ባልሽን ወድጄዋለሁ! ሳልፈልግ ነው የወደድኩት፣ አፈር ልብላ! ትሞታለች ብዬ ነበር፣ አዎ ብያለሁ፣ ከማለትም አልፌ አስቤዋለሁ! ትንፋሽሽ የሚቆምበትን ጠብቄያለሁ፤ ሲቆም ግን ተነስቼ ደረትሽን የማሸው እኔው ነኝ! አንቺ ከሌለሽ እኔ ማን አለኝ? እናቴ አንቺ ነሽ! ወንዱ ይቅርብኝ፣ ይውደም፣ አልፈልገውም! ይቅር በይኝ! እትዬ፣ ይቅር በይኝ!»

ግቢው ውስጥ የልብስ ማሸት ድምፅ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ብቻ ይወርዳል። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም፤ ዐይኗ ተጨፍኗል፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ከግቢው ዳር እስከ ዳር፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ያልሰማ የለም። መስማት የነበረባት አንዲት ሴት ብቻ አልሰማችም።

ሴቶቹ እጃቸው ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ እየሮጡ ገቡ፤ ፊት ለፊት ሬዲዮ አለች። በሩን ሲሞሉት ቤቱ ጨለመ። ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ይሁን የወለሉ መንቀጥቀጥ ተሰምቷት፣ እትዬ ዐይኗን ገለጠች። የተሰበሰበውን ሕዝብ አየች።

«ምንድን ነው? ሞትኩ እንዴ?» አለች፣ በዚያው የማይለካ፣ አሁን ግን በሻከረ ድምፅዋ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ መልስ ፈልጋ ከፊቷ ወደቆመችው ወደ ሬዲዮ አየች። ትንሿ ይህን ስታይ ዘልላ የሬዲዮን ቀሚስ ያዘች።

«ንገሪያት! አንቺን እያየችሽ ነው! ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው በያት፣ በፈጠረሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ!»

ሬዲዮ ትንሿን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ወሬ ሆዷ አድሮባት የማታውቀው ሴት ያን ጊዜ ፊቷን ከአልጋው አዞረች፣ እትዬ እንዳታነባት፣ ጥርሷንም ነክሳ «አፍሽን ዝጊ» አለች። «ይቺ ሴት ምኗ ቀርቶ ነው ይህን የምነግራት? ሳታውቅ በሰላም ትሙት።»

«ታውቃለች! ታውቃለች እኮ!»

«ከየት ሰምታ ነው የምታውቀው? ምንም አትሰማ! እንዲህ በቁሟ ያረድሻት ይበቃል።»

ትንሿ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሬዲዮ ወደ አልጋው ዞረች፣ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ከዚያ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እትዬን ስታናግር እንደለመደችው፣ ቃሉን አንድ በአንድ ቀረጸችላት።

«ምንም አይደል እትዬ። ትንሿ ናት፣ ሕመምሽ አስጨንቋት ነው።»

እትዬ አነበበች። ወለሉ ላይ ወዳለችው እህቷ አልዞረችም።

«አዎ» አለች፣ ግቢው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ከጀመራት ቆይቷል።»

ዐይኗንም መልሳ ጨፈነች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ውጭ ማንም ልብሱን አላነሳም፣ ማንም አላወራም፣ ሬዲዮም ጭምር። ትንሿ ከአልጋው ሥር አልተነሳችም። በማግስቱ የጠዋቱ ፈረቃ ሳይረን ሲጮህ የእህቷን ደረት ልታሽ እጇን ስታሳርፍ ቀዝቅዞ አገኘችው። ዐይኗ እንደተጨፈነ ነበር፤ የሚጨፍንላት ሰው አላስፈለጋትም።